የንብ መርዶ

እኛ አዲስ አበቤዎች ሰዓት አናከብርም እየተባልን ስንታማ ኖረናል። ሐሜቱ ውሸት ነው ብዬ አልከራከርም። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ራሳቸው ያረፍዳሉ፤ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ያረፍዳል፤ ቧንቧ ሠሪ «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ካለ ገና ፊቱን እየታጠበ ነው። አንድ ነገር ላይ ብቻ ግን ማንም አይደርስብንም። መርዶ አርፍደን አናውቅም። መርዶ ነጋሪ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ነው። ብቻውን አይመጣም። ገና ሲገባ ዓይኑ ወንበር ይፈልጋል፤ ለራሱ አይደለም፣ ለሚረዳው ሰው ነው። ከዚያ ስለ ብርዱ ይወራል፣ ስለ ልጆች ትምህርት ይጠየቃል፣ ጉሮሮ ይጠራረጋል፣ በመጨረሻም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «እገሌን ካገኘኸው ቆየህ?» ይባላል። በማለዳ ተነስቶ በርህን ያንኳኳ ሰው እንዲህ ካለህ፣ እገሌን ከእንግዲህ አታገኘውም።

ቋንቋውንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ትንሽ አሞታል» ማለት ሞቷል ማለት ነው። «ሆስፒታል ገብቷል» ማለት ተቀብሯል ማለት ነው። «ኧረ ደህና ነው» ከተባለማ ተዝካሩም ወጥቷል። በዚህ ጉዳይ የውጭ ሰው ይስቅብን ይሆናል። እኔ ግን ደግ ልማድ ነው እላለሁ፤ ሰው የሚወደውን ማጣቱን ቆሞ፣ በባዶ ሆዱ፣ ከአንድ ችኩል አፍ እንዳይሰማ የተደረገ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ብዙ ሰው አርድቻለሁ፣ እኔም ተረድቻለሁ። እውቀቴ ግን አሁን ከማወጋችሁ ጉድ አላዳነኝም።

ከማስተማር ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ እሠራለሁ። ደረጃው የእንጨት ነው፤ ሰው ሲወጣበት ያቃስታል። እዚያ ላይ የምንሠራው የመረጃ ቋት ነው። ምን የመረጃ ቋት? ለተባይ የተረጨ፣ ለአይጥ የተቀመጠ፣ ከፋብሪካ ወጥቶ ወንዝ የገባ ኬሚካል በዱር አራዊት፣ በአዕዋፍ፣ በዓሣና በንብ ላይ ያደረሰው ጉዳት አንድ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። የትኛው መርዝ፣ የትኛውን ፍጥረት፣ በምን ያህል መጠን፣ ምን አደረገው። በቃ ይኸው ነው። ለመናገር ቀላል ነው፤ ማኪያቶ የምጠጣበት ባንኮኒ ላይ ስናገረው ግን ወዳጆቼ በሐዘኔታ ያዩኛል። አንዱ «የሰው መርዝ ሳያልቅ የወፍ መርዝ ጀመራችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ ጡረተኛ ሥራ አያጣም ብሎ አጽናናኝ።

የእኔ ድርሻ አማርኛው ነው። ከየአካባቢው የሚመጣውን ወሬ አንብቤ፣ የወፉንም የአውሬውንም ስም አጣርቼ አንድ ወጥ አደርጋለሁ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። «አንድ ጥቁር ወፍ እርሻ ዳር ሞቶ ተገኘ» ብሎ የላከ ሰው አለ እንበል። እደውልለታለሁ። ቁራ ነው ወይ? አይደለም። አሞራ ነው? አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው? ወፍ ነው። አመስግኜ ስልኩን እዘጋለሁ። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ስለ አንድ ዓሣ ሞት ሲነግረኝ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ዓሣውን ጠብሰው እንደበሉት ጨመረልኝ። የበሉት ሰዎች ደህና መሆናቸውን ስጠይቅ «እሱን ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ» አለኝ።

የሥራው ባለቤት ዶክተር ፍሬሕይወት ናት። አራት ኪሎ ሳይንስ ተምራ፣ ባሕር ማዶ ቀጥላ፣ የተመለሰች ልጅ ናት። አማርኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን እሷ «ጋሼ» እያለች ታዘኛለች፣ እኔ «ዶክተር» እያልኩ እታዘዛለሁ፤ ሁለታችንም ተስማምቶናል። የዶክተር ጭንቀት አንድ ነው። ቋቱ ሞልቷል፤ የሞላው ግን በሰው አገር ሬሳ ነው። የሰው አገር ድርጭት፣ የሰው አገር ዓሣ፣ እኔ የአማርኛ ስም ላወጣላቸው ያልቻልኩ ዳክዬዎች። የእኛን ንብ ወይም የእኛን ወፍ ፈልጉ ብትሏት የምታሳያችሁ ባዶ ሣጥን ነው።

«ጋሼ፣ ባዶ ሣጥን ክፉ ነገር ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ያየው ሰው ምንም አልተመዘገበም አይልም፤ ምንም አልሞተም ነው የሚለው። ከዚያ ያንኑ መርዝ ይፈቅዱታል፣ ያው ይሸጣል፣ ያው ይረጫል።»

ስለዚህ ራሳችን እየሄድን እንድንጠይቅ መመሪያ አወጣች። ጥሩ መመሪያ ነው፤ አማርኛውን ያቃናሁት እኔ ነኝ። ጠያቂዎች ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ አንዱ ሲጠይቅ አንዱ ይጽፋል። ሰውየው ሥራ ሳይጀምር በማለዳ ይድረሱ። ተጠያቂው ቆሞ እንዳይጠየቅ መቀመጫ ይፈለግለት። በቅድሚያ የቤተሰቡን ደኅንነት ይጠይቁ። ስለ ሞት በቀጥታ እንዳይጀምሩ፤ ሰው ይደነግጣል። ድምፃቸውም ረጋ ያለ ይሁን። እናንተ ይህን ስታነቡ ከወዲሁ ሳቃችሁ አይደል? እኔ ግን ያን ጊዜ ነጠላ ሰረዝ እያስተካከልኩ ነበር።

አሁን ሸምሱን ላስተዋውቃችሁ። ሸምሱ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብላ ባለች ቅያስ ውስጥ ገመድ፣ ባልዲ፣ ቁልፍና ላስቲክ የሚሸጥ የቡታጅራ አካባቢ ሰው ነው። በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ሸበተ። ደንበኛ ዋጋ ሲያወርድበት «በዚህ ዋጋማ ካገኘህ ለእኔም ግዛልኝ» ይላል፤ ደንበኛውም ስቆ ይከፍላል። ከሸምሱ ጋር የማይቀለድበት አንድ ርዕስ ብቻ አለ፤ ታናሽ ወንድሙ ኑሪ። ኑሪ አገር ቤት በርበሬ ያመርታል፣ ንብ ያንባል። ድሮ በየዓመቱ ማር ይልክ ነበር። ሸምሱም ማሩን ከባንኮኒው ሥር እያወጣ ጎረቤቱን ሁሉ በማንኪያ ያቀምስ ነበር፤ እኔም ከቀማሾቹ አንዱ ነኝ። ከዕለታት አንድ ቀን ማሩ ቀረ። ስልኩም ቀረ። ለአረፋ አገሩ መግባት የማይቀርበት ሰው፣ አረፋን ፒያሳ መዋል ጀመረ።

«ተጣላችሁ እንዴ?» ብዬ ጠይቄው ነበር አንዴ።

«ጠብማ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለኝ። «ለጠብ ሽማግሌ ይገባበታል። እሱ እኮ ዝም ነው ያለኝ። ዝም ላለ ሰው ምን ሽማግሌ ይላካል?»

እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከዚያው አገር የመጣ የእርሻ ባለሙያ ቢሯችን ወሬ ይዞ ገባ። በርበሬ ማሳ አጠገብ የነበሩ የአንድ ገበሬ ንቦች በአንድ ጠዋት እንዳሉ ረግፈዋል። ነገሩ ትንሽ ቆየት ብሏል፤ ያየ ሰው ግን ዛሬም ያወራዋል። ንብ በል የሚባሉት ወፎችም ከቀፎዎቹ ሥር ሞተው ታይተዋል። ገበሬው ግን ለማንም ቢሆን «ጉንዳን ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይተነፍስም። ዶክተር ከወንበሯ ተነሳች። ጉንዳን ንብ ይፈጃል፤ ከንቦቹ ጋር ወፍ የሚገድል ጉንዳን ግን እሷም እኔም አናውቅም። የገበሬውን ስም ስትጠይቅ ኑሪ አለ፤ አባቱንም ጨመረ። እኔም አባቱን ስሰማ ማን እንደሆነ አወቅኩ።

ኑሪ ለማያውቀው ቁጥር ስልክ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ወንድሙ ግን እዚሁ ከእኛ ቁልቁል ነው። ሄደን አገናኘን ብለን ብንለምነው ክፋት የለውም አልን።

በማግስቱ መመሪያውን አክብረን ሄድን። ማለዳ ነው። ሁለት ነን። ዶክተር ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሳ ስለመጣች ነጠላ ለብሳለች፤ ብርድ ስለነበረ ከሥሩ ጥቁር ሹራብ ደርባለች። እኔ ደግሞ ጉንፋን ይዞኝ ዓይኔ ቀልቶ፣ መሐረቤን በእጄ ይዣለሁ። ሸምሱ የሱቁን መዝጊያ ወደ ላይ እየገፋ ነበር። ዞር ብሎ አየን። የእሷን ፊት አየ፣ የእኔን ፊት አየ፣ መዝጊያውን በግማሽ ተወው።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ሸምሱ?» አለች ዶክተር፣ ድምፅዋን ረጋ አድርጋ።

«አልሀምዱሊላህ። ምነው በማለዳ?»

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።»

ሸምሱ አልተቀመጠም። ይኼኔ እኔ፣ መመሪያውን በቃሌ የማውቅ ሰው፣ አንድ ወፍራም የገመድ ጥቅልል ጎትቼ ከኋላው አስጠጋሁለት።

«ቤተሰብ ደህና ነው?» አለች።

«እኔ እንጃ» አለ ሸምሱ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከወንድምዎ ከኑሪ ጋር ከተገናኛችሁ ቆያችሁ?»

ምን እያደረግን እንደሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ግን ቃሉ ወጥቷል። ሸምሱ ጥቅልሉ ላይ ዘፍ አለ። አልጮኸም። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና ቀስ ብሎ «ኢናሊላሂ» አለ።

«ኧረ ሸምሱ፣ ኑሪ ደህና ነው» አልኩ እየተንተባተብኩ። «ደህና ነው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

«አትሸንግለኝ» አለኝ። «መቼ ነው?»

«ጋሽ ሸምሱ፣ የሞቱት ንቦች ናቸው» አለች ዶክተር ተደናግጣ።

ቀና ብሎ በርኅራኄ አያት። «አዬ ልጄ። ለእኔ ብለሽ ነው፤ ይገባኛል። ከከብት፣ ከንብ ነው የሚጀመረው። እኔም ስንቱን አርድቻለሁ።»

ከማዶ ቁርስ ቤት ያላት እትዬ ዘነበች የተመለከተችውን ተመልክታ አግዳሚ ወንበር ተሸክማ መጣች። ማን ነው ብላም አልጠየቀች፤ መጀመሪያ ወንበሩን አኖረች። የጎረቤት ሱቆች መዝጊያቸውን በግማሽ አወረዱ። የአንዱ ሬዲዮ ተዘጋ። በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ መቆም ጀመረ፤ ከመሐላቸው ታክሲ ሊይዝ እየሮጠ የነበረና ሸምሱን ጨርሶ የማያውቅ ሰውም ነበረበት። እኔ አንዱን እጅ እየያዝኩ «ማንም አልሞተም» እላለሁ፤ የያዝኩት ሰው ደግሞ እጄን መልሶ ይጨብጥና «ያጽናህ» ይለኛል።

«እናንተስ ደግሞ» አለችኝ እትዬ ዘነበች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እንዲህ ነው ሰው የሚረዳው? እህል እንኳ ሳይቀምስ? ለእኔ ብትነግሩኝ ሻይ አፍልቼ አልጠብቅም ነበር?»

«እትዬ ዘነበች፣ ሰውየው አልሞተም እኮ ነው የምልሽ።»

«ተው። አሁን ተስፋ አትስጠው። ኋላ ይብስበታል።»

ሸምሱ ይህን ሁሉ አይሰማም። ከራሱ ጋር ነው። «ሄጄ በሩን ማንኳኳት አቃተኝ» ይላል። «እሱ ዝም ሲል እኔም ዝም። እኔ ታላቅ ነኝ፣ እሱ ይጀምር አልኩ። ይኸው ዝም እንዳለኝ ሄደ።» እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ ሳቅ የሚባል ነገር አልዞረብኝም። ፈራሁ። ኑሪ ደህና ስለመሆኑ የያዝኩት ማስረጃ የአንድ መንገደኛ ወሬ ነው። በመሐሉ አንድ ነገር ሆኖ ቢሆንስ? ሳናውቅ እውነተኛ መርዶ አርድተን ቢሆንስ? 

ከሁላችን የተሻለች ዶክተር ናት። ጎንበስ ብላ ስልኩን ከሸምሱ ኪስ አወጣችና የኑሪን ስም ፈልጋ ደወለች፤ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማም ድምፁን ከፈተችው። መጀመሪያ ያቺ የማትሰለች ሴትዮ ደንበኛውን ለጊዜው ማግኘት እንደማይቻል ተናገረች። ቅያሱ በሙሉ ተነፈሰ፤ እትዬ ዘነበችም እንባዋን መጥረግ ጀመረች። ዶክተር ደግማ ደወለች። አሁን ጠራ። ረጅም ጠራና ተነሳ።

«ማን ሞተ?» አለ ኑሪ።

ምን ይበል ታዲያ? ከስንት ዓመት በኋላ፣ በማለዳ፣ የወንድሙ ስም ስልኩ ላይ ሲበራ ያየ ሰው ነው።

ሸምሱ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ኑሪ። አለህ?»

«አለሁ። አንተስ? አለህ?»

«አለሁ።»

  ከዚያ በአገራቸው ቋንቋ ማውራት ጀመሩ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ ብሰማም ለእናንተ አልነግራችሁም ነበር። ሸምሱ እንባው እየወረደ ሲስቅ ግን ሁላችንም አየን። የመጣው ለቀስተኛም ባዶ እጁን መመለስ ስለከበደው እትዬ ዘነበች ቤት ገብቶ ቁርሱን በላ። ታክሲ ያመለጠው ሰውዬ እንኳ ፉል አዘዘ።

ሸምሱ ከዚያ በኋላ ወዲያው የማረን እንዳይመስላችሁ። ሲረጋጋ ተቆጣን፣ በደንብ ተቆጣን። ለእኔማ ለጥቂት ሳምንት ቁልፍ እንኳ አልሸጥልህም ብሎ ነበር። አረፋ ሲደርስ ግን ሱቁን ዘግቶ አገሩ ገባ። ሲመለስ ወደ ሱቁ ሳይሄድ ቀጥታ ወደ እኛ መጣ። የእንጨቱ ደረጃ ሲያቃስት ሰማሁትና በሩን ከፈትኩ። ተቀመጠ፤ ማንም ተቀመጥ ሳይለው።

«ቀፎዎቹ ባዶ ናቸው» አለ። «ዛፉ ላይ እንደተሰቀሉ አሉ፤ ውስጣቸው ሸረሪት ነው ያለው። ምን ሆኑ አልኩት። ጉንዳን አለኝ። ዓይኔን አላየኝም። እሱ ሲዋሽ ከልጅነቱም ዓይን አያይም። ጓዳው በር ላይ ሚስቱ ጤናዳም የተከለችበት ጀሪካን አየሁ፤ አፉን ቆርጠውታል። እጀታው ላይ የታሰረው ገመድ የእኔ ነው። የኔ ሱቅ ገመድ፣ የኔ አስተሳሰር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ኑሪ በርበሬውን ትል ፈጀብኝ ብሎ በስልክ ያማርራል። ሸምሱ ወንድሙ አዝኖ ማደሩን አልቻለም። መርካቶ ወርዶ ጠንካራ የተባለውን ፀረ ተባይ ገዝቶ፣ በገመድ አስሮ፣ በአውቶቡስ ላከለት። ኑሪ ላክልኝ አላለውም ነበር። ማሩ የቀረውም፣ ስልኩ የቀረውም ከዚያ በኋላ ነው።

«ስልክ ካነሳ ይወጣበታላ» አለ ሸምሱ። «እኔ ሳላውቅ እንድኖር ነው ዝም ያለኝ። ንቡን የፈጀሁት እኔ ነኝ። ጻፊ ልጄ።» የመድኃኒቱን ስም እንደመሰለው ነገራት፤ ፈሳሹ ቢጫ እንደነበረም አስታወሰ። ሲነሳ ግን በር ላይ ቆመና ወደ እኛ ዞረ። «ለኑሪ ማወቄን እንዳትነግሩብኝ። ጉንዳን ነው ብዬ አምኜለት ነው የወጣሁት።»

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ኑሪ ዓይኑን ሊታከም አዲስ አበባ መጣ። አሁን ስልካችንን ማንሳት ጀምሯል። ዶክተር ለመነችው፤ ወንድሙ ሱቅ በዋለበት ሰዓት ደረጃችንን ወጣ። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በርበሬው አበባ ላይ እያለ፣ ንቡ በተሰማራበት ጠዋት እንደረጨው ነገራት። ውሃ የቀላቀለው በዓይኑ መጥኖ ነው። ረፋዱ ላይ ንቡ ከቀፎው ሥር ይርገፈገፍ ጀመረ፤ ንብ በሎቹ መጥተው ለቀሙት፣ ቆይተው እነሱም እዚያው ቀሩ። ይህን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ንቦቹን ከአባቱ የወረሳቸው ናቸው።

«ጻፊው» አላት። «ሌላው ገበሬ ያን ነገር በአበባ ላይ እንዳይረጭ ይወቅ። ወንድሜ ግን እንዳይሰማ። ጉንዳን ነው ብሎ አምኗል። እሱ እኮ ለእኔ አዝኖ ነው የላከው፤ ቢያውቅ ይህን ጊዜ እንቅልፍ የሚተኛ ይመስልሻል?»

ዶክተር ጻፈች፤ እኔም እስከ ደረጃው ሸኘሁት። 

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። ዶክተር ግን ዶክተር ናት። ሸምሱ ፈሳሹ ቢጫ ነበር ብሏል፣ ኑሪ ነጭ ነበር ብሏል። ነጭ ከሆነ አንድ መርዝ ነው፣ ቢጫ ከሆነ ሌላ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳልጠይቅ አልመዘግብም አለች። ተይው ልጄ፣ ይህን ነገር ሁለቱም ተሸፋፍነው ነው የተኙበት፣ ብርድ ልብሱን አትግፈፊው አልኳት። «ጋሼ፣ ተሸፋፍነን ተኝተን እኮ ነው ሣጥኑ ባዶ የሆነው» አለችኝ። ያስተማርኳት ልጅ መልስ ሲኖራት ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን ግን ደስ አላለኝም።

ሄድን። በማለዳ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፤ ነጠላም የለ፣ መሐረብም የለ። ወንድማማቾቹ ባንኮኒው ኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንድ ሳህን ሳምቡሳ ይበላሉ። ሸምሱ የተሻለውን እየመረጠ ወደ ኑሪ በኩል ይገፋል፣ ኑሪ መልሶ ይገፋል። እንዲህ ሆነው ሳያቸው ዶክተርን በክንዷ ይዤ ልመልሳት ቃጣኝ።

«የንቦቹን ነገር ለመጨረስ ነው የመጣሁት» አለች። «አንድ ጥያቄ ብቻ። ምንድን ነው የገደላቸው?»

ኑሪ ሳህኑን እያየ «ጉንዳን» አለ።

«ጉንዳን ነው» አለ ሸምሱም ወዲያው። «የእኛ አገር ጉንዳን ክፉ ነው።»

«ወፎቹስ?»

«እነሱንም» አለ ሸምሱ።

«ምን ዓይነት ጉንዳን?» አለች ዶክተር። አሁን ተናዳለች።

«ቀዩ» አለ ኑሪ።

«አዎ፣ ቀዩ ነው» አለ ሸምሱ። በመድኃኒቱ ቀለም ያልተስማሙ ሰዎች በጉንዳኑ ቀለም ተስማሙ።

በእኛ ደንብ ሁለት ምስክሮች ከተለያዩ ጉዳዩ ይቆያል፣ ከተስማሙ ይመዘገባል። እነዚህ ሰዎች ግን ለየብቻ ሲጠየቁ ተስማምተዋል፣ አንድ ላይ ሲጠየቁም ተስማምተዋል። የተለያየው የተስማሙበት ነገር ብቻ ነው። ዶክተር አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየች። ሸምሱ በልመና ያያት ነበር፤ ኑሪም እንዲሁ ያያት ነበር፤ አንዳቸውም ሌላው እንደሚለምን አላዩም። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየሁ።

«እሺ» አለች። «ጉንዳን።» ከሳህኑም አንድ ሳምቡሳ አንስታ በላች።

ቸርችልን ሽቅብ ስንወጣ እኔ በሆዴ ሁለት ሐሳብ ይዤ ነበር፤ ዛሬም ሁለቱን ይዣቸዋለሁ። በአንድ በኩል ይሄ ይሉኝታችን ያናድደኛል። በዚህ አገር ስንት ነገር ጉንዳን ተብሎ ተቀብሯል፤ ጎረቤት እንዳይከፋው፣ ወንድም እንዳያፍር፣ አለቃ እንዳይደነግጥ እየተባለ ስንቱ ማሳ፣ ስንቱ ወንዝ ያለ ገዳይ ሞቷል። ያን ጀሪካን ነገ ሌላ ወንድም ለሌላ ወንድሙ ገዝቶ ይልካል። በሌላ በኩል ደግሞ አንዱ ለሌላው ብሎ እንዲህ አድርጎ መዋሸት የሚችል ወንድም ቢኖረኝ እወድ ነበር። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም፤ እናንተ ከቻላችሁ ንገሩኝ።

ቢሮ ስንደርስ ዶክተር ሹራቧን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ጤናዳም የተተከለበት ጀሪካን ላይ የተረፈውን ጽሑፍ ፎቶ እንዲልክላት ያንን የእርሻ ባለሙያ በስልክ ጠየቀችው፤ ፎቶው ሲደርስም የቀለሙን ክርክር ያለ ወንድማማቾቹ ጨረሰችው። ፈሳሹ ቢጫ ኖሮ ውሃ ሲገባበት ነጭ የሚሆን ዓይነት ነው፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ከዚያ መጻፍ ጀመረች። የተጎዳው ፍጥረት፣ ንብ። ከዚያም ንብ በል ወፍ። የመድኃኒቱን ስም ጻፈች። የአረጫጨቱን ሰዓት፣ የአበባውን ነገር ሁሉ ጻፈች። መጠኑ ላይ በግምት አለች። ጉንዳን የሚል ቃል የትም አላገባችም። ቋታችን ውስጥ የመጀመሪያዋ የአገር ልጅ ንብ እንዲህ ሆና ገባች፤ ባዶው ሣጥን ባዶ መሆኑ ቀረ።

የመጨረሻው ጥያቄ ኬሚካሉ ከየት ተገኘ ይላል። እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ። በሕይወቷ የማታውቀውን ነገር አውቃለሁ ብላ የጻፈች ልጅ አይደለችም፤ የምታውቀውንም አላውቅም ብላ አታውቅም።  እኔም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ አስተማሪ ተማሪውን በፈተና ሰዓት ማፍጠጥ የለበትም።

ስዞር «አይታወቅም» ብላ ጽፋለች። ዛሬም ቋቱን ብትከፍቱ እንዲሁ ነው የሚለው። እስከ ዛሬ የማናውቀው አራት ሰዎች ነን፤ ዶክተር፣ እኔ፣ ሸምሱና ኑሪ።